ዘበኛው የሚያውቀው ስም

በእንግሊዟ ሼፊልድ ከተማ «ፍቅሬ» የማይባል ፍጡር የለም። የአውቶቡሱ ሹፌር ሳንቲምህን ተቀብሎ «ግባ ፍቅሬ» ይልሃል። ዓሣና ድንች ጠባሿ «ኮምጣጤ ላብዛው ፍቅሬ?» ትልሃለች። መንገድ ላይ ገፍተሃት ያለፍካት አሮጊት እንኳ «ዓይን የለህም እንዴ ፍቅሬ!» ብላ ነው የምትሰድብህ። እስቲ ፍረዱ፤ እንዲህ ባለ ከተማ ከአንጀቱ የወደደ ሰው ምን ብሎ ይናገር? ቃሉን አገሩ ሁሉ ሲጠቀምበት ኖሮ አልቆበታል።

ማልኮም አክሮይድ ይህ መከራ የደረሰበት ልጅ ነው። አፍ ዳገት አይፈራም ይባላል፤ የማልኮም አፍ ግን ሜዳም ይፈራል። ዓመት ሙሉ ሲውጠው የከረመውን ቃል አንድ ምሽት የዩኒቨርሲቲ ጓደኛውን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ሲሸኛት ደፍሮ አወጣው።

«ደህና እደሪ... ፍቅሬ» አላት።

ሃሪየት ላንግተን በሳቅ ፈነዳች። «ውይ ማልኮም! ልክ እንደ አውቶቡሱ ሹፌር አልከው እኮ!»

አብሯት ሳቀ። ምን ያድርግ? ቤቱ እስኪገባ ድረስ ያቺ ሳቅ እንደ ደረቀ ሳሙና ፊቱ ላይ ተጣብቃ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ቃሉን ከአፉ አላወጣውም።

እነሆ ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ዝናቡም አላባራ ብሏል። ማልኮም ከአክስት ዶሪን ላውንደሪ በላይ ባለችው ክፍል መስኮት ላይ ቆሞ መንገዱን ያያል። አክስት ዶሪን የሥጋ አክስቱ አይደለችም፤ የእናቱ ባልንጀራ ናት፤ ግን እንደ አክስት መቆጣት ታውቅበታለች። የሻይ ኩባያ ይዛ ደረጃውን እያለከለከች ወጣች።

«ዛሬም መስኮት ላይ ነህ? መስታወቱን በዓይንህ ልትበሳው ነው?»

«ዝናቡን እያየሁ ነው አክስቴ።»

«እኔን አታሞኘኝ። ለልጅቷ ጻፍላት ብዬህ የለም?»

«ጽፌላታለሁ።»

«በምን? በዚያ ሳጥን?» ጠረጴዛው ላይ ያለውን ትንሽ ኮምፒውተር በአገጭዋ ጠቆመችው። «ሰው ፍቅሩን በሳጥን ይናገራል? የኔ ባል እግዜር ይማረውና መናገር ቢያቅተው አበባ ገዛ፤ አበባው እንኳ የደረቀ ነበር፤ ግን ገባኝ!»

ማልኮም ወደ መስኮቱ ተመለሰ። ፋሲካ ካለፈ ሰንብቷል፤ ሃሪየት ቁርጡን የምትናገርበት ቀንም አብሮ አልፏል። የላከላት ካሴት ደርሷት እንደሆነ፣ እስከ መጨረሻው ተጫውታው እንደሆነ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው።

የምን ካሴት? አትቸኩሉ፣ እነግራችኋለሁ።

* * *

ሁለቱ የተዋወቁት ዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት ውስጥ ነው። እዚያ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ነበር። ትልቅ ስል አንድ ቁም ሳጥን አታስቡ፤ ቁም ሳጥን በቁም ሳጥን ላይ ተደርድሮ አዳራሹን ሞልቶታል። ቀን ቀን የፕሮፌሰሮቹን ሒሳብ ይሠራል፤ እነሱ ወደየቤታቸው ሲገቡ ተማሪዎቹ ይወርሱታል። ማልኮምና ሃሪየት «ጥቁሩ ጉድጓድ» የተባለውን ጨዋታ የፈጠሩት በእሱ ላይ ነው። ሥዕል የለው፣ ድምፅ የለው፤ ቃል ብቻ ነው። ማሽኑ «ጨለማ መተላለፊያ ውስጥ ነዎት» ብሎ ይጽፋል፤ ተጫዋቹ «ፋኖስ አብራ» ብሎ ይመልሳል። እንዲህ እየተባባሉ ከአሮጌ የከሰል ድንጋይ ጉድጓድ መውጫ ይፈለጋል።

ጉድጓዱን የቆፈረው ማልኮም ነው፤ አያቱ ዕድሜያቸውን የፈጁበት ጉድጓድ ነበርና መንገዱን ከወሬ ያውቀዋል። ቃሉን የምታሳምረው ሃሪየት ናት።

«እዚህ ጋ ከጣሪያው ውሃ ጠብ ይላል በል» አለችው አንድ ቀን።

«ጉድጓድ ሁሉ ጠብ ይላል። ይሄ ምኑ ይወራል?»

«ለአንተ ነዋ! እኔ አንገቴ ውስጥ ጠብ ቢልብኝ ጩኸቴ አያትህን ከመቃብር ይቀሰቅሳቸው ነበር።»

እሺ ብሎ ጻፈው። «ቀዝቃዛ ጠብታ አንገትዎ ውስጥ ገባ።» ሃሪየት ቀስ ብላ እጁን ከፊደሎቹ ላይ ገፋ አደረገችና አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረችበት፦ «ማንም አልነካዎትም።» ጽፋ ስታበቃ ዘወር ብላ አየችው። ትከሻዋ ከትከሻው አንድ ጣት አይርቅም። እሱ ስክሪኑን አየ። ጎበዝ፣ እንዲህም ያለ ሰው አለ!

* * *

የሃሪየት አባት የታወቁ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ናቸው፤ ቤታቸውም የፋብሪካው ጭስ በማይደርስበት ኮረብታ ላይ ነው። የማልኮም አባት ደግሞ ጭሱን ከሚያወጡት አንዱ ነበሩ፤ ብረታ ብረት ፋብሪካው ተዘግቶ ቤት እስኪውሉ ድረስ። እናቷ ስለ ልጁ ሲሰሙ «እስቲ ቅዳሜ ለሻይ ይምጣና እንየው» አሉ።

ሻይ! ጉዱን ሁሉ ያመጣችው ይህች ቃል ናት። ኮረብታው ላይ ሻይ ማለት በአሥር ሰዓት ከጥፍር ከሳሳ ሳንድዊች ጋር የሚጠጣ ነገር ነው። ማልኮም ሰፈር ሻይ ማለት ራት ነው፤ አባት ከሥራ ሲገባ በአሥራ ሁለት ሰዓት ሥጋና ድንች ተከምሮ የሚቀርብ። ማልኮም ለዚያ ብሎ ምሳውን ሳይበላ፣ የአባቱን ክራባት አስሮ፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት ደወሉን ደወለ። ሳህኖቹ ታጥበው ተሰድረዋል።

«ምንም አይደለም፣ ያጋጥማል» አሉ እናቷ። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ሰዓቱን አክብሮ የመጣ ሌላ እንግዳ ሶፋው ላይ ተቀምጧል። ሃሪ ዌዘርቢ ይባላል፤ የአባቷ ወዳጅ ልጅ ነው፤ ሆንግ ኮንግ ባንክ ቤት ሥራ አግኝቷል። ብድግ ብሎ የማልኮምን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። «ስለ ጨዋታችሁ ሃሪየት አውርታ አትጠግብም» አለው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ማልኮምን ያቃጠለውም ይኸው ነው።

ከወራት በኋላ፣ ያው አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ፣ ሃሪየት ጃንጥላዋን እያሽከረከረች «ሃሪ አግቢኝ ብሎኛል» አለችው። «እስከ ፋሲካ ቁርጡን እነግርሃለሁ ብዬዋለሁ።»

ጃንጥላዋን ማሽከርከሯን አቆመች።

«አንተ ምን ትላለህ?»

እንግዲህ ወንድ ልጅ የሚናገረው እዚህ ላይ ነበር። ማልኮም ጫማውን አየ፣ ክራባት የሌለው አንገቱን ዳበሰ፣ የታጠቡት ሳህኖች ትዝ አሉት። «ጥሩ ሰው ይመስላል» አለ።

ሃሪየት ጃንጥላዋን ዘጋች። አውቶቡሱ መጣ። እግሯን ደረጃው ላይ ስታሳርፍ ግን አንድ ነገር ከጉሮሮው አመለጠው። «ጨዋታችንን ለትንሹ ኮምፒውተር እያዘጋጀሁት ነው! ካሴቱን እልክልሻለሁ! እስከ መጨረሻው ሂጂ፤ የኔ መልስ እዚያ ነው!»

ፊቷ በራ። አውቶቡሱ ታጥፎ እስኪሰወር በመስታወቱ እጇን አወዛወዘችለት። ማልኮም መጋቢትን ሙሉ የኖረው ያንን የበራ ፊት ይዞ ነው።

* * *

ሥራው ደግሞ እንዲህ ነው። ኖርማን የሚባል ነጋዴ ከላውንደሪው በላይ ያለችውን ክፍል ተከራይቶ፣ ሰው በየቤቱ ከቴሌቪዥን ጋር ለሚያገናኛቸው ትንንሽ ኮምፒውተሮች ጨዋታ እንደ ዘፈን በካሴት እየገለበጠ በፖስታ ይሸጣል። ማልኮምን ሲቀጥረው «ያንን የዩኒቨርሲቲ ዝሆን እዚህች የጫማ ሳጥን ውስጥ ክተትልኝ» አለው።

ዝሆኑ አልገባ አለ፤ ትንሿ ማሽን የምትይዘው ጥቂት ቃል ብቻ ነው። ማልኮም ጆሮውን ቆረጠ፣ ጥርሱን ነቀለ። «ጨለማ፣ እርጥብና ጠባብ መተላለፊያ» የነበረው «ጠባብ መተላለፊያ» ሆነ፤ ሲውል ሲያድር «መተላለፊያ» ብቻ ቀረ። አክስት ዶሪን ቢቸግራት «ቆረጥኩ፣ ቆረጥኩ ስትል ነው የምትውለው፤ ልብስ ሰፊ ሆንክ እንዴ?» አለችው።

ለገበያ የሚወጣው ካሴት አለቀ። ለሃሪየት በሚላከው ላይ ግን ማልኮም አንድ ነገር ጨመረበት። በጉድጓዱ አፍ ላይ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ አቆመ። ዘበኛው «ማንን ይዘው ይወጣሉ?» ብሎ ይጠይቃል። የማያውቀው ስም ከተጻፈለት «ይህን ሰው አላውቀውም» ይላል። የሚያውቀው ከሆነ «ትክክለኛው ሰው። አብራችሁ ውጡ። ወደ ኋላ እንዳትመለከቱ» ብሎ በሩን ይከፍታል። የሚያውቀውም ስም አንድ ብቻ ነው፤ ሃሪየት። ማልኮም ከጉድጓዱ ይዟት ሊወጣ የሚፈልገው ሰው እሷው ናታ! ከዚህ በላይ ምን ግልጽ ነገር አለ?

ዘበኛው ግን አልገባም። ቦታ አለቀ፤ ጥቂት ፊደል ጎደለ። ሊቆረጥ የሚችል የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ማንም አልነካዎትም» የምትለው። ማልኮም ጣቱን መሰረዣው ላይ አድርጎ ቆየ። አልሆነለትም። የእሷን ዓረፍተ ነገር ከምቆርጥ ራሳቸውን ቃላቱን ልቁረጣቸው አለ። ከዚያ ወዲያ ማሽኑ ከተጫዋቹ ከሚጠብቀው ከእያንዳንዱ ቃል የመጀመሪያዎቹን አራት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ብቻ እንዲይዝ፣ ተጫዋቹ የሚጽፈውንም ከአራተኛው ፊደል ወዲያ እንዳያነብብ አደረገው። መነሻው ከተመሳሰለ ይበቃል። በዚህ ሙያ ያለ ሰው ሁሉ ቦታ ሲጠበው የሚያደርገው ዘዴ ነው።

ዘበኛው ገባ። ማልኮም «ሃሪየት» ብሎ ጻፈለት፤ በሩ ተከፈተ። «ዶሪን» ብሎ ጻፈለት፤ «ይህን ሰው አላውቀውም» አለ። ማልኮም አክስት ዶሪን ከታች በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን እስክትደበድብበት ድረስ ብቻውን ጨፈረ። ካሴቱን በዚያው ቀን ፖስታ ቤት አደረሰው።

* * *

ወደ ዝናባማው ቅዳሜያችን እንመለስ። ጥቁር መኪና ላውንደሪው በር ላይ ቆመ። ሃሪየት ወረደች።

ማልኮም ደረጃውን እንዴት እንደወረደው አያውቅም። ታች ሲደርስ ልብስ ማጠቢያዎቹ እያጉረመረሙ ይሽከረከራሉ፤ ቀድማው የወረደችው አክስት ዶሪን አንሶላ እያጠፈች ጆሮ የሌላት መስላለች። ሃሪየት በሩ አጠገብ ቆማለች፤ ፀጉሯ ላይ የዝናብ ጠብታ አለ።

«መጣሽ» አላት።

«መጣሁ።» ጓንቷን አወለቀች። ቀለበቱን አየው።

«ተጋባን» አለች። «ሐሙስ ዕለት፣ በልዩ ፈቃድ። ሃሪን ሥራው ቶሎ ና አለው፤ እናቴንም ታውቃታለህ። ማታ አውሮፕላን አለን። መኪናው ውስጥ እየጠበቀኝ ነው፤ አንድ ሰው ተሰናብቼ ልምጣ አልኩት።»

ማልኮም የማጠቢያውን ጠርዝ ያዘ። «እንኳን ደስ ያለሽ» አለ።

«አመሰግናለሁ። ያልከኝን አደረግኩ እኮ።»

«እኔ? ምን አልኩሽ?»

«እንዴ! መልሴ መጨረሻው ላይ ነው አላልከኝም? የወንድሜን ኮምፒውተር ወስጄ አባቴ ዜናው እስኪያመልጣቸው ቴሌቪዥኑን ያዝኩባቸው።» ልትስቅ ሞከረች። «ሁሉን ቆራርጠኸዋል። ያቺ ጠብታ ጋ ስደርስ ግን አለች! 'ማንም አልነካዎትም።' ያን ሁሉ ቆርጦ ይህችን ያስቀረ ሰው ይወደኛል ብዬ... ይቅር፣ ተወው። ዘበኛው ጋ ደረስኩ። ማንን ይዘው ይወጣሉ አለኝ።»

«እሺ?»

«የመጀመሪያውን አልነግርህም ብዬ ነበር። አሁን ምን አለበት? ያንተን ስም ጻፍኩ።» ዓይኗን ከዓይኑ አልነቀለችም። «'ይህን ሰው አላውቀውም' አለኝ። ፊደል ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደግሜ ጻፍኩ። አላውቀውም። ከነአባትህ ስም ጻፍኩ። አላውቀውም። እንደ እብድ ስስቅ ቆየሁና አለቀስኩ። ከዚያ ሃሪ ብዬ ጻፍኩ።»

ሳትጨርሰው ገባው።

«ተከፈተ» አለች። «'ትክክለኛው ሰው። አብራችሁ ውጡ። ወደ ኋላ እንዳትመለከቱ።'»

ሃሪ። ሃሪየት። በእንግሊዝኛው የመጀመሪያዎቹ አራት ፊደሎቻቸው አንድ ናቸው። ማሽኑ ከአራተኛው ፊደል ወዲያ እንዳያይ ዓይኑን ያጠፋው ደግሞ ራሱ ማልኮም ነው፤ ያቺን የእሷን ዓረፍተ ነገር ለማዳን ብሎ።

«የራስሽንስ?» አለ። «የራስሽን ስም አልሞከርሽም?»

«የራሴን?» ግራ ገብቷት አየችው። «ማንን ይዘው ይወጣሉ ነው እኮ የሚለው። ራሴን ይዤ የት ልወጣ?»

ያን ጊዜ ነው እስከ አጥንቱ የዘለቀው። ጥፋቱ የፊደል ብቻ አይደለም። ጥያቄውን ሲጽፈው ማሽኑ ፊት የተቀመጠው እሱ ነበር፤ መላሹም እሱ ነበር። እዚያ ወንበር ላይ እሷ እንደምትቀመጥ፣ እሷም ይዛው ልትወጣ የምትፈልገው ሰው እንዳለ አንድ ቀን አልታሰበውም። ለዘበኛው የራሱን ስም አላስተዋወቀውም። ሻይ ስንት ሰዓት እንደሚጠጣ የማያውቅ ሰው፣ እሷ እኔን ይዛ ትወጣለች ብሎ እንዴት ያስብ!

ከውጭ መኪናው አንድ ጊዜ፣ በጨዋ ደንብ፣ ጡሩምባ ነፋ።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝና ልሂድ» አለች ሃሪየት። ጓንቷን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛዋለች። «ያ የዘበኛው ቃል የራስህ ነው? አስበህበት ነው? ወይስ ማሽኑ ተበላሽቶ ነው? ተበላሽቶ እንደሆነ ንገረኝ ማልኮም። ሰው ነህ፣ ትሳሳታለህ።»

አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ የበራው ፊት ተመልሶ ሊበራ ጭላንጭል አሳየ።

ማልኮም እውነቱን ሊነግራት አፉን ከፈተ። እውነቱ አጭር ነበር። ግን ከዚያስ? ቃል ኪዳኗን ለሌላ ሰው ሰጥታለች፤ ሃሪየት ደግሞ የሰጠችውን ቃል የምታጥፍ ሴት አይደለችም፤ እሱም የወደዳት ለዚህ ጭምር ነው። መሄዷ ላይቀር፣ እውነቱን ይዛ ብትሄድ ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ዕድሜ ልኳን ሲወጋት ይኖራል። መኪናው ውስጥ ምንም ያላጠፋ ሰው ተቀምጧል። ሆድ ይፍጀው አለ በልቡ።

«የኔ ቃል ነው» አላት። «ማሽኑ ደህና ነው።»

«ከልብህ?»

«ከልቤ። ጥሩ ሰው ይመስላል።»

ጭላንጭሏ ጠፋች። ሃሪየት ጓንቷን አንድ ጣት ከሌላው እያስከተለች ቀስ ብላ አጠለቀች፤ የሚናገር ሰው ካለ ጊዜ የምትሰጥ ትመስል ነበር። አንደኛው ማጠቢያ መሽከርከሩን ጨርሶ ጸጥ አለ።

«እንግዲያው ደህና ሁን።»

«ደህና ሁኚ» አለ። ያኔ ነው ያ ቆልፎ ያኖረው ቃል፣ ሳያስበው፣ አንድ ፊደል ሳይጎድልበት ከአንጀቱ የወጣው። «ደህና ሁኚ ፍቅሬ።»

ሃሪየት እንባዋ እየወረደ ፈገግ አለች። «እንደ አውቶቡሱ ሹፌር» አለችና በሩን ከፍታ ወጣች።

ማልኮም መስታወቱ ጋ ሮጠ። ዘወር በይ፣ አለ በልቡ። አንዴ ብቻ። ዘወር ካልሽ እውነቱንም ውሸቱንም ትቼ እወጣለሁ። መኪናው በር ላይ ስትደርስ ቆም አለች። አንገቷ ሊዞር ጥቂት ሲቀረው አየ። ከዚያ ቀና አለች፤ ገባች፤ በሩ ተዘጋ። ወደ ኋላ እንዳትመለከቱ ያለው እሱ ነው፤ ሃሪየትም የእሱን ቃል አክብራ ሄደች።

መኪናው ጥጉን ታጥፎ ከጠፋ በኋላም ቆሞ ቀረ።

«ማን ነበረች ፍቅሬ?» አለች አክስት ዶሪን ከኋላው። ሁሉን ሰምታለች፤ ግን ለመናገር ከፈለገ ብላ ጠየቀችው።

«ደንበኛ ናት አክስቴ። ካሴቱ ይሠራ እንደሆነ ልትጠይቀኝ ነው።»

«ታዲያ ይሠራል?»

«ይሠራል» አለ ማልኮም። ፊቱን ወደ ማጠቢያው አዞረ። «በደንብ ይሠራል።»

አክስት ዶሪን ሌላ ነገር አልጠየቀችውም። ትልቁን አንሶላ አነሣችና አንዱን ጫፍ አስያዘችው፤ እሱም ዓይኑን በክንዱ ጠርጎ አብሯት ማጠፍ ጀመረ።